ካርቦን የማይገለብጠው ማመልከቻ

በጎንደር አራዳ፣ ከአንድ የቆርቆሮ በረንዳ ሥር ማመልከቻ የሚጽፉ አዛውንት ነበሩ ይባላል። ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጨርሰው ጡረታ ሲወጡ፣ አንዲት ጠረጴዛ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበርና አንድ እሽግ ካርቦን ወረቀት ይዘው ገበያው ዳር ተቀመጡ። ምሳሌ ነውና ስማቸውን አንጠይቅም። የሰፈሩ ሰው ጋሼ ይላቸዋል፤ እኛም ጋሼ እንበላቸው።

በሐምሌ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት አንድ ሰኞ ጠዋት፣ አራት ሰዎች አግዳሚው ላይ ተደርድረው ጠበቋቸው። አንዱ ግንበኛ ነው። አንዱ መምህር ነው። አንዷ በቅዳሜ ገበያ ጉልት ሽንኩርት የምትቸረችር ሴት ናት። አራተኛው ከጃናሞራ ደጋ የመጣ ወጣት ነው። ከዚያ በፊት አይተዋወቁም። የአራቱም ግራ እግር ግን ከጉልበት በታች የለም።

ግንበኛው ቀድሞ ተናገረ።

«ጋሼ፣ የኔ አጭር ነው። ‹ግራ እግሬን ስላጣሁ መንግሥት ይርዳኝ› ብለው ይጻፉልኝ።»

«የኔም ይኸው ነው» አለች ሴትዮዋ።

መምህሩ አራቱን ክራንች አየና ፈገግ አለ። «ጉዳያችን አንድ ከሆነማ አንዱን ጽፈው ሦስቱን በካርቦን ያውጡልን፤ ዋጋውም ይቀልልናል።»

ጋሼ ካርቦኑን ከጠረጴዛው አንሥተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

«ለእድር ጥሪ ቢሆን እሺ ባልኩ» አሉ። «የናንተ ግን አንድ ጉዳይ አይደለም።»

«እንዴት ጋሼ? እግር እኮ እግር ነው።»

«እግሩ አንድ ነው፤ የወሰደው ግን ይለያያል። ሕግ ፊት ስትቀርቡ ‹ምን ጎደለህ?› የሚለው ጥያቄ ኋላ ነው የሚመጣው። የሚቀድመው ‹ማን ወሰደው?› የሚለው ነው። እስቲ ካንተ እንጀምር ልጄ፤ ያንተን ማን ወሰደው?»

«ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለስን የባሕር ዛፉ መወጣጫ ከዳኝ።»

«ማን ቀጠረህ?»

«ካቦው ነው የጠራኝ። ሒሳቤ በቀን ተሰልቶ በየ15 ቀኑ ይከፈለኝ ነበር። ውል የሚባል ነገር አልፈረምኩም። ስወድቅ ሐኪም ቤት አደረሱኝ፣ የመጀመሪያውን የመድኃኒት ከፈሉ፤ ከዚያ ‹አንተ የቀን ሠራተኛ ነህ፣ ለእግዜር ብለን ነው ያሳከምንህ› አሉኝ።»

«ከወደቅህ ስንት ጊዜህ ነው?»

«ዘጠኝ ወሬ።»

«ጥሩ፤ ለሠራተኛ ክስ የተሰጠው ዓመት አልሞላህም። ከመውጣትህ በፊት ጠጥተህ ነበር?»

«ኧረ በጾም ነው ጋሼ፤ ውኃ እንኳ አልቀመስኩም።»

«ከታች ሆኖ ሲሚንቶ ያቀብልህ የነበረ ሰው አለ?»

«ሁለት ልጆች አሉ። ሁለቱም ስወድቅ አይተዋል።»

«እንግዲህ ስማኝ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ወረቀት ላልፈረመም ሠራተኛ ይሠራል። ውሉ በቃል ቢሆን ውል ነው፤ ሁለቱ ልጆች ምስክሮችህ ናቸው። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰብህ ጉዳት ይጠየቃል። የሚድነው ሆን ብለህ ራስህን ጎድተህ፣ የደኅንነት መመሪያውን እያወቅህ ጥሰህ ወይም ሰክረህ ከሆነ ነው። ሰው ሠራሽ እግር እስኪገጠምልህ ድረስ የሕክምናህ ወጪ የሱ ነው። ሥራ ፈትተህ ለተኛህበት ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ይከፍልሃል፦ ሦስቱን ወር ሙሉ ደመወዝህን፣ ቀጣዩን ሦስት ወር ከደመወዝህ 75 በመቶ፣ የቀረውን ስድስት ወር 50 በመቶ። ከዚያ የሐኪሞች ቦርድ ጉዳትህን በመቶኛ ይተምናል።»

«ከተመነስ በኋላ?»

ጋሼ ብጣሽ ወረቀት ሳቡ። «በጡረታ ዐቅድ ያልታቀፈ ሠራተኛ ጨርሶ መሥራት ካልቻለ የአምስት ዓመት ደመወዙ ይታሰብለታል። በከፊል ከተጎዳ ደግሞ እንደ ጉዳቱ መጠን ነው። ወርህ ተደምሮ 6,000 ብር ነበር እንበል፤ በዓመት 72,000፣ በአምስት ዓመት 360,000። ቦርዱ 40 በመቶ ካለህ 144,000 ብር ይመጣል። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር ደግሞ የዳኝነት አይከፈልም።»

ግንበኛው ክራንቹን ጥብቅ አድርጎ ያዘ። «ታዲያ ‹ይርዱኝ› ምን ያደርጋል?»

«ምንም። አንተ ተረጂ አይደለህም፣ ባለ ገንዘብ ነህ። ‹ይርዱኝ› የሚለውን አውጥቼ ‹ይክፈለኝ› ብዬ እጽፍልሃለሁ። የሚሄደውም ለመንግሥት ሳይሆን ለአሠሪህ ነው፤ እምቢ ካለ የሥራ ክርክር ለሚያየው ፍርድ ቤት።»

ቀጥለው ወደ መምህሩ ዞሩ።

«መምህር፣ የርስዎንስ?»

«የኔን የወሰደው ስኳር ነው። ጫማ ልጦኝ ቆሰለ፤ ቁስሉ አልድን አለ፤ መጨረሻው ይኸው።»

«ጫማው የላጠዎት ሥራ ላይ ሳሉ ነው?»

መምህሩ የጥያቄው መድረሻ ወዲያው ገባው። አንድ አፍታ ዝም አለ። «ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ግን አይደለም። ለወንድሜ ሰርግ የገዛሁት ጫማ ነው፤ ሰርጉ ላይ ስጨፍር ነው የላጠኝ።»

«እንዲህ ነው ሰው! እንግዲያስ የጤና ጉድለት እንጂ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት አይባልም። ስንት ዓመት አገለገሉ?»

«12።»

«ተመስገን!»

«በምኑ ጋሼ?»

«አሥሩን በመሻገርዎ። የመንግሥት ሠራተኛ በጤና ጉድለት ከሥራ ሲሰናበት 10 ዓመት ካገለገለ ዕድሜ ልኩን የሚከፈለው የጤና ጉድለት ጡረታ አለው። ካልሞላው አንድ ጊዜ ዳረጎት ተቀብሎ ይሄዳል። አሥር ለሞላው የመጨረሻዎቹ የሦስት ዓመት ደመወዝ አማካይ ተወስዶ 30 በመቶው ይታሰባል፤ ከአሥር በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። የርስዎ 32.5 በመቶ ይሆናል ማለት ነው። እግርዎን ሥራ ላይ ሳሉ አጥተው ከሥራ ቢሰናበቱ ኖሮ ያገለገሉበት ዘመን ሳይቆጠር 47 በመቶ ነበር።»

«አንድ ጫማ 14.5 በመቶ አስከፈለኝ በሉኛ» አለ መምህሩ፤ አግዳሚው ሳቀ።

ጋሼ ግን አልሳቁም። «ቆይ እንጂ፣ ማስተማር አይችሉም ያለዎት ማን ነው?»

«ያለኝስ የለም። ክፍሌ ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው አልሆን ሲለኝ ‹በቃ ልውጣ› አልኩ።»

«መምህር! ሁለት ሦስተኛ ደመወዝዎን ለደረጃ ሊሰጡ ነው እንዴ? ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ፣ ቁጥር 568/2000፣ አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻችለት ያስገድዳል። ሁለት ገጽ እጽፍልዎታለሁ። የመጀመሪያው ‹ክፍሌ ወደ ምድር ቤት ይውረድልኝ› ይላል። ሁለተኛውን ቤትዎ ያስቀምጡት፤ የሐኪሞች ቦርድ ‹ከእንግዲህ መሥራት አይችልም› ካለ ያን ጊዜ ያውጡት።»

ሴትዮዋ ተራዋ ሲደርስ አንገቷን ደፋች። «የኔን እንኳ ባይጽፉም ግድ የለም። ሌሊት ሽንኩርት ላራግፍ ስሄድ በአዘዞ መንገድ አይሱዙ ገጨኝ። ሹፌሩ አልቆመም። ታርጋውን ያየ የለም። ማንን እከሳለሁ? ነፋስን?»

«መቼ ነው የተገጨሽው እናቴ?»

«መጪው መስቀል ሲያልፍ ሁለት ዓመት ይሞላኛል።»

ጋሼ ብዕራቸውን ከግንበኛው ወረቀት ላይ አነሡ። «አንተ ልጄ፣ ትንሽ ታገሠኝ፤ የሷን አስቀድማለሁ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ መጠየቂያው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ ካለፈ የበደለሽ ቢገኝ እንኳ ‹ጊዜው አልፏል› ይልሻል። የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል፤ ግን መጀመሪያ መገኘት አለበት። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ነበር?»

«መጥቶ ፕላን አንሥቷል። ሐኪም ቤት ሆኜ ቃሌንም ሰጥቻለሁ።»

«እንግዲያስ ነፋስን አትከሽም። በአገሩ ላይ የሚነዳ መኪና ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ አዋጅ 799/2005 ያስገድዳል። ከዚያ የሚሰበሰብ የመድን ፈንድ አለ። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን ሳይኖረው የገጨ መኪና ለጎዳው ሰው ካሳ የሚከፍለው እሱ ነው። የትራፊኩን ሪፖርትና የሐኪሙን ማስረጃ አያይዘን ለመንገድ ደኅንነትና መድን ፈንድ እንጽፋለን።»

«ስንት ይሆናል ጋሼ?»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የ2005ቱ አዋጅ ሲወጣ ለአካል ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። ለንብረት ያስቀመጠው 100,000።»

«አይሱዙው እኔን ትቶ የሰው መኪና ቢገጭ ኖሮ ይበልጥ ነበር ማለት ነው?»

«ያ ጣሪያ እንደዚያ ይል ነበር።»

ይህን ጊዜ አግዳሚው ታወከ። ግንበኛው 144,000 ይቆጥራል፣ ሴትዮዋ የ2005ቱን 40,000። መምህሩ ዕድሜ ልክ በየወሩ፣ ካልሆነም ሙሉ ደመወዙን። «ሚዛን ላይ ብናስቀምጣቸው እኮ እኩል ነው የሚመዝኑት!» አለች ሴትዮዋ። «የሱ እግር ከኔ እግር በምን ይበልጣል? እኔ በዚያች እግር አምስት ልጅ አሳድጌባታለሁ።»

«ሕጉ እግር አይገዛም እናቴ» አሉ ጋሼ። «ከየሰዉ ጀርባ ያዋጣ አለ፤ ሕጉ የሚቆጥረው ያንን መዋጮ ነው። በዚህ ልጅ ጉልበት ያተረፈ አሠሪ አለ፤ ትርፉን እንደበላ ጉዳቱንም ይሸከማል። የመምህሩ ጡረታ በየወሩ ከደመወዛቸው 7 በመቶ እሳቸው፣ 11 በመቶ መንግሥት ሲከፍሉ የተጠራቀመ ነው። ላንቺ የመኪና ባለንብረቶች አዋጥተዋል፤ ያዋጡት ግን ለብዙ ሰው ተካፍሎ የሚደርስ ጥቂት ገንዘብ ነው። ያነሰሽው እግርሽ አንሶ አይደለም።»

«አላሳመኑኝም» አለች።

«እኔም ትክክል ነው አላልኩሽም። አሠራሩን ነው የነገርኩሽ።»

ያ የጃናሞራ ወጣት እስካሁን አልተነፈሰም። ጋሼ ዞር ብለው አዩት።

«አንተስ ልጄ? ያንተን ማን ወሰደው?»

«ማንም አልወሰደውም አባየ። መጀመሪያም አልተሰጠኝም፤ እንዲሁ ነው የተወለድኩት።»

ጋሼ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ወጣቱ የሦስቱን ሒሳብ በጥሞና ሲያዳምጥ ነው የቆየው፤ አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«አባየ፣ ለኔም አይሱዙ ገጨኝ ብለው ይጻፉልኝ። የሷ ሹፌር እንደሆን አልተያዘም፤ ለሁለታችንም ይበቃ ነበር።»

ማንም አልሳቀም። ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«የሷ ሹፌር ላንተ አይሆንህም» አሉ ጋሼ። «ትራፊኩ ፕላን አላነሣልህም፤ ሐኪሙም ሲያይህ የተቆረጠውንና የተፈጠረውን ይለያል። ሐሰተኛ ማስረጃ ወንጀል ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን፣ አንተ አንዴ ዋሽተህ ከተያዝህ ነገ እሷ እውነቷን ይዛ ስትሄድ ‹ይቺም እንደዚያኛው ትሆናለች› ይሏታል።»

«ታዲያ ለኔ የሚጻፍ የለም?»

«አለ፤ ግን ብዙና ጥቃቅን ነው። አገርህ ሳለህ በሴፍቲኔት ታቅፈህ ነበር?»

«ቀጥታ ድጋፍ ነበርኩ። ቴክኒክና ሙያ ልማር ስወጣ ስሜ ወጣ።»

«አየህ፣ ያ ፕሮግራም ከ1997 ጀምሮ ጉልበት ያለውን በማኅበረሰብ ሥራ፣ ጉልበት የሌለውን በቀጥታ ድጋፍ ሲያግዝ ኖሯል። ግን መዝገቡ የቀበሌው ነው፤ ከቀበሌው ስትወጣ ከመዝገቡም ትወጣለህ። እዚህ ደግሞ ገና ነዋሪ አይደለህም። ስለዚህ የመጀመሪያው ደብዳቤህ ለቀበሌ ነው፤ ነዋሪነትህ ይመዝገብ። ሁለተኛው ለማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፤ መክፈል ለማይችል ሰው መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል። ሦስተኛው ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአካል ተሐድሶ ክፍል፤ ሰው ሠራሽ እግር ይሆንልህ እንደሆነ ይለኩህ። ምን ተማርህ?»

«የሒሳብ አያያዝ። ሁለት ቦታ ተወዳድሬ ነበር፤ አንደኛው ጋ በፈተናው ነጥብ ከሌላው ተወዳዳሪ እኩል ወጥቼ ‹ሥራው ሩጫ አለበት› ብለው መለሱኝ።»

«ለሒሳብ ሥራ ሩጫ? እንግዲያስ አራተኛው ደብዳቤህ ዋነኛው ነው። ያ 568/2000 ያልኩት አዋጅ ነጥቡ ከሌላው ተወዳዳሪ እኩል ወይም ተቀራራቢ ለሆነ አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ ይሰጣል። አድልዎ ተፈጸመብኝ ስትል ደግሞ አለማድላቱን የማስረዳት ሸክም ወደ አሠሪው ይዞራል።»

ወጣቱ በጣቱ ቆጠረ። «አራት ደብዳቤ ነው አባየ። ገንዘብ ያለበት ግን አንድም የለም።»

ጋሼ የሚመልሱት አጡ። አግዳሚው ላይ ዝምታ ሆነ፤ በመጨረሻ የተናገረችው ሴትዮዋ ናት።

«ጋሼ፣ አምስተኛ ማመልከቻ ይጻፉልን። የኛ የኛው እንዳለ ሆኖ። ለአሠሪ አይደለም፣ ለፈንድም አይደለም፤ ሕግ ለሚያወጡት። ‹ማን ወሰደው ብላችሁ ጠይቃችሁ መክፈላችሁ ደግ ነው። ማንም ያልወሰደበት ሰው ግን ሌባ ስላጣ ባዶ እጁን አይሂድ› ብለው ይጻፉ።»

ግንበኛው «እኔም እፈርማለሁ» አለ። መምህሩ «ፊደሉን እኔ አርማለሁ» አለ።

ጋሼ መሳቢያውን ከፈቱና ካርቦኑን አወጡ።

*

ምሳሌው እዚህ ያበቃል፤ ፍቺው አጭር ነው።

አገራችን ውስጥ «የአካል ጉዳት አበል» የሚባል፣ ማንም አካል ጉዳተኛ በጉዳቱ ብቻ ሄዶ የሚጠይቀው አንድ ወጥ ክፍያ የለም። ያለው በየሕጉ የተበታተነ መብት ነው። የመንግሥት ሠራተኛው፣ ወታደሩና ፖሊሱ በ2003 በወጣውና በ2014 በአዋጅ 1267 በተተካው የጡረታ ሕግ ይታያሉ። የግል ድርጅት ሠራተኛው በ715/2003 የተጀመረ፣ ዛሬ በ1268/2014 የሚመራ የራሱ ጡረታ አለው። በጡረታ ያልታቀፈው ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ በመኪና የተጎዳው በመድን ሕጉ ይስተናገዳል። ሁሉም ሕግ የሚጀምረው ጉዳቱ ከየት እንደመጣ በመጠየቅ ነው። ስለዚህ አካሉ የተጎዳ ሰው «ምን ይገባኛል?» ከማለቱ በፊት የጉዳቱን ታሪክ በቅደም ተከተል ይዞ ይነሣ፦ ስጎዳ ለማን እየሠራሁ ነበር? ቀኑ መቼ ነው? የመዘገበው ፖሊስ ወይም ሐኪም ማን ነው? ያየ ምስክር አለ? ለአራቱ መልስ ያገኘ ሰው የሚሄድበት ቢሮ ራሱ ይገለጥለታል። ቀኑን ያላወቀ ግን መብቱ በይርጋ ቀርቶበት በልመና ሲንከራተት ይኖራል።

ይህ የባለመብቱ ድርሻ ነው። የአገር ድርሻ ደግሞ አለ። ከመዋጮና ከጥፋተኛ የሚነሣ ሕግ ያዋጣለትንና በዳይ ያለውን ሰው ያውቃል፤ እንዲሁ የተወለደውን፣ በሕፃንነቱ ታሞ የቀረውን፣ ወታደር ሳይሆን በተባራሪ ጥይት የተመታውን እረኛ ግን በምን ዓምድ እንደሚጽፈው አያውቅም። ይህ የኛ ችግር ብቻ አይደለም። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1974 በአደጋ የተጎዳን ሰው ሁሉ ጥፋተኛ ሳይፈለግ መካስ ጀምራ በዓለም ተደንቃለች፤ ከሕመም ወይም ከውልደት ለመጣ ጉዳት ግን ያ ካሳ አልተከፈተም። ደቡብ አፍሪካ በሌላ መንገድ ሄዳለች፦ የአካል ጉዳት ድጎማዋ የሐኪም ምስክርነትና የገቢ መጠን እንጂ የጉዳቱን ምክንያት አይጠይቅም። ጎረቤታችን ኬንያም ከባድ ጉዳት ላለባቸው ሰዎች በወር የሚታሰብ ገንዘብ ትሰጣለች።

የኛ ሕገ መንግሥት ከ1987 ጀምሮ፣ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንደሚመድብ ይናገራል። የአካል ጉዳተኞች መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 በአዋጅ 676 ጸድቋል። ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲም በ2007 ወጥቷል። ቃሉ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። ሆኖም ዛሬ ያ ወጣት ሊያገኝ የሚችለው ቀጥታ ድጋፍ የሚሰጠው በድህነቱና በቀበሌው እንጂ በጉድለቱ አይደለም፤ መዝገቡም ሰውየው ሲንቀሳቀስ አብሮት አይንቀሳቀስም። አካል ጉዳተኛ እንዲማርና እንዲሠራ እየጋበዝን፣ ሊማር ከቀበሌው ሲወጣ ድጋፉን የምንቆርጥ ከሆነ ቅጣታችን ጥረቱ ላይ ነው። አቅም የለንም የሚለው መልስ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን መዝገብን ከወረዳ ወደ ወረዳ ማሻገር ብዙ ብር አይጠይቅም። ጀማሪው እርምጃ እሱ ሊሆን ይችላል።

ሕግ ምክንያት እየፈለገ ብቻ ሲከፍል ምክንያት የሌለውን ሰው ውሸት ያስመኘዋል። አንድ ወጣት መኪና በገጨኝ ብሎ የሚመኝበት አሠራር ፍትሐዊ ሊባል አይችልም።

እስከዚያው ግን ያለውን መብት አናስበላ። ሐኪም ሆይ፣ በምስክር ወረቀቱ ላይ ጉዳቱን ብቻ ሳይሆን መቼና እንዴት እንደደረሰም ጻፍ። የእድር ዳኛ ሆይ፣ አባልህ ሲጎዳ ከመዋጮው ጋር ምስክር አስመዝግብለት። የቀበሌ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ሆይ፣ «እርዳታ የለም» ብለህ ከመመለስህ በፊት የሚሄድበትን ቢሮ ንገረው። አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ወይም በጎረቤትህ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ዛሬውኑ ቀኑን ጠይቀው፤ ለሠራተኛ አንድ ዓመት፣ ለመኪና ካሳ ሁለት ዓመት ረጅም ጊዜ አይደለም።